ካሜራና ባለቤትነት፦ የኃይሌ ገሪማ የነጻ ፊልም ሥራ ከ«ምርት ሦስት ሺ ዓመት» እስከ «ጤዛ»

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። ፊልሙ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረኃብ ላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በብሪታንያ ቴሌቪዥን ያቀረበው ነበር። ይሁንና አዲስ አበባ ላይ የታየው እንደ መጀመሪያው ሆኖ አይደለም፤ በመጠለያ የወደቁት የወሎ ገበሬዎች ሥዕል ከቤተ መንግሥቱ ግብርና ድግስ ሥዕል ጋር እየተፈራረቀ እንዲታይ ተቆራርጦ ተገጣጥሞ ነበር። በማግስቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። የፊልም ቅንብር በአገሪቱ የፖለቲካ ታሪክ ላይ እጁን ያሳረፈበት ከዚህ የገለጠ አጋጣሚ ለማግኘት ያዳግታል።

በዚያ ምሽት ያልነበሩ ተመልካቾችን ማሰብም ተገቢ ነው። የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ተጀምሮ በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙም አልራቀም። ስለዚህ ፊልሙ የአዲስ አበባን ሕዝብ አስቆጣ፤ ፊታቸው በፊልሙ የታየው ሰዎች ግን ራሳቸውን አላዩም። በዐሥር ዓመት ልዩነት፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ የሞሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ዘገባ በወቅቱ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ተነሥተው ዓለምን ሲያዳርሱም ነገሩ ያው ነበር። ሥዕሉ ከወሎ ወጣ፤ ባለቤትነቱ ግን የዜና ድርጅቶች ሆነ፤ ትርጉሙም በውጭ ተመልካች ዓይን ተወሰነ። ወሎ ለዓለም ሲኒማና ቴሌቪዥን ብዙ ምስል የሰጠ፣ ከሰጠው ምስል ግን ጥቂት ብቻ በእጁ የቀረ አገር ነው።

ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በአዲስ አበባ ከመታየቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ የፊልም ተማሪ የነበሩ አንድ የጎንደር ተወላጅ ጥቂት ባልደረቦችን አስከትለው አገራቸው ገብተው ነበር። በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በአማርኛ፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ገበሬዎች ተዋናይነት አንድ ረጅም ፊልም ቀረጹ። ፊልሙ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»፣ ባለሙያው ኃይሌ ገሪማ ነበሩ። ሁለቱ ካሜራዎች ያተኮሩት በአንድ ዘመን የገበሬ ችግር ላይ ሲሆን፣ አንደኛው ችግሩን በውጤቱ፣ ማለትም በረኃቡ፣ ሲያሳይ ሁለተኛው በምክንያቱ፣ ማለትም በመሬት ሥሪቱ፣ ለማሳየት ተነሣ።

ኃይሌ ገሪማ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥርት ዓመታት «ነጻ» የሚለውን ቃል ከስማቸው ጋር አያይዘው ኖረዋል። ቃሉ በዘልማድ ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ውጭ መሥራትን ያመለክታል። በኃይሌ ሥራ ግን ከዚህ የጠበበም የሰፋም ትርጉም አለው፤ ነጻነት ማለት ፊልሙ ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ ተመልካች ፊት እስከሚቀርብበት ቀን ድረስ በሠሪው እጅ መቆየቱ ነው። ይህ ጽሑፍ የዳይሬክተሩን የሥራ ዘመን በዚህ የባለቤትነት ጥያቄ በኩል ይመለከታል።

ከጎንደር ኮረብታ እስከ ሎስ አንጀለስ

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ፣ ተውኔት እየደረሱ ያሳዩ የነበሩ ሰው ናቸው። በቤት ውስጥ የነበረው ትረካ የአርበኞች ትረካ ነበር፤ ከቤት ውጭ በሲኒማ ቤት የሚታየው ደግሞ የአሜሪካ ፊልም። ዳይሬክተሩ በተለያዩ ቃለ ምልልሶች ደጋግመው እንደተናገሩት፣ እርሳቸውና የዕድሜ እኩዮቻቸው በጎንደር ኮረብታዎች ላይ የካውቦይና የሕንዶችን ጦርነት ሲጫወቱ ከካውቦዮቹ ወገን ነበሩ፤ ታርዛንን ሲያዩም ልባቸው የሚሰጋው ለታርዛን እንጂ ለአፍሪካውያኑ አልነበረም። ይህ ትዝታ እንደ ልጅነት ወግ ብቻ ሊነበብ አይገባም። ተመልካች ያለ ጉልበት፣ በደስታ፣ ከራሱ ወገን ተለይቶ ከሌላው ጋር ሊቆም እንደሚችል ያስረዳል፤ የኃይሌ የኋላ ሥራ ሁሉ ለዚህ ገጠመኝ የተሰጠ ምላሽ ነው ማለት ያስደፍራል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቺካጎ ጉድማን የቴአትር ትምህርት ቤት ገቡ። በጊዜው ለጥቁር ተማሪ የሚሰጠው የመድረክ ሚና የአሽከርነትና የመሰል ታናናሽ ሰዎች መሆኑ አላስደሰታቸውም። በ1970 ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተዛውረው ከተውኔት ወደ ፊልም ተሻገሩ። በዚያ ያገኟቸው ተማሪዎች፣ ማለትም ቻርልስ በርኔት፣ ላሪ ክላርክ፣ ቤን ካልድዌል፣ ቢሊ ውድቤሪ፣ ጁሊ ዳሽና ሌሎችም፣ ኋላ የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች «የሎስ አንጀለስ ዐመፅ» ብለው የሰየሙት ትውልድ ናቸው። ከነዚህ ተማሪዎች አንዱ የሌላው ካሜራ ሠሪ፣ ሌላው ደግሞ ድምፅ ቀራጭ እየሆነ፣ በትምህርት ቤቱ መሣሪያ፣ በቅዳሜና እሑድ፣ ሆሊውድ የማያሳየውን የጥቁር ሠፈር ኑሮ ቀረጹ። የላቲን አሜሪካ ፊልም ሠሪዎች መግለጫዎችም፣ በተለይ የኩባዊው ጋርሲያ ኤስፒኖሳ የ1969 ጽሑፍ፣ በመካከላቸው ይነበቡ ነበር። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኢትዮጵያዊው ምሁር ተሾመ ገብርኤል እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙት የሦስተኛው ሲኒማ ጥናት የዚህን እንቅስቃሴ ንድፈ ሐሳብ ካደራጁት ሥራዎች አንዱ ነው። ስለዚህ የአፍሪካና የእስያ ነጻ ሲኒማ ሲጠና ሠሪውም ተንታኙም ኢትዮጵያውያን የሆኑበት ወቅት ነበረ። ይህ እውነታ በአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ትምህርት ከሚገባው በታች ይነሣል።

ኃይሌ በትምህርት ላይ ሳሉ ከሠሯቸው ፊልሞች «ቡሽ ማማ» ጎልቶ ይወጣል። ፊልሙ በዋትስ ሠፈር በመንግሥት ድጎማ የምትኖር ዶረቲ የተባለች ሴት ኑሮ ነው። ባሏ በሐሰት ታስሯል፤ የድጎማው መሥሪያ ቤት ደግሞ ፅንሷን እንድታስወርድ ይገፋፋታል። በመክፈቻው ፖሊስ የፊልሙን ባልደረቦች ራሳቸውን አስቁሞ ሲፈትሽ የሚያሳይ ሥዕል ገብቷል። ይህ የተተወነ ሳይሆን በእውን የሆነ ነው። ልብ ወለዱና ዘጋቢው በአንድ ክር መፈተላቸው ከዚህ ጀምሮ የዳይሬክተሩ መለያ ሆነ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1975 ተጠናቆ፣ በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በአርባ ሰባት ዓመት ዘግይቶ የመጣ ዕውቅና ነው።

ሦስት ሺ ዓመት በሁለት ሳምንት

«ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ነገሩ ቀላል ነው፦ አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ለአንድ ባለርስት ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል። ባለርስቱ ከከፍታ ላይ ወንበሩን አስቀምጦ ይቆጣጠራል፤ ይሰድባል፤ ያዛል። በአካባቢው የሰው ሁሉ መሳቂያ የሆነ፣ መሬቱን የተቀማ ከበበ የሚሉት ሰው አለ፤ እብድ ይባላል፣ የሚናገረው ግን ጤነኞቹ የማይደፍሩትን ነው። የቤተሰቡ ሴት ልጅ የባለርስቱን ከብት ከጎርፍ ለማዳን ስትሞክር ውኃ ይወስዳታል። በመጨረሻም ከበበ ባለርስቱን በዱላ ይገድለዋል።

ይህን ታሪክ ሌላ ዳይሬክተር በዘጠና ደቂቃ ሊጨርሰው ይችል ነበር። የፊልሙ ኃይል ያለው በቀሪው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ካሜራው ገበሬው ከቤቱ ወጥቶ ማሳው እስኪደርስ ድረስ አብሮት ይጓዛል፤ በሬዎቹ ትልሙን ጨርሰው እስኪዞሩ ይጠብቃል፤ ሰው ከሩቅ ብቅ ብሎ ቀስ እያለ ቀርቦ እስኪያልፍ አይቆርጥም። ሥዕሉን የቀረጸው ኋላ በአሜሪካ ሲኒማ ስሙ የታወቀው ኤልየት ዴቪስ ነው። ከተማ ያደገ ተመልካች ይህን ዝግታ እንደ ድካም ይቆጥረው ይሆናል። የእርሻን ሥራ የሚያውቅ ሰው ግን ጊዜው የሥራው ትክክለኛ ጊዜ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ዝግታው ክርክርም አለው፤ ባለርስቱ በአንድ ቃል የሚያዘው ሥራ በገበሬው አካል ላይ ምን ያህል ሰዓት እንደሚወስድ ተመልካቹ ራሱ በመቀመጫው ላይ እንዲከፍል ይደረጋል። በሕልም መልክ በገባው ትዕይንት ላይ ገበሬዎቹ እንደ በሬ በቀንበር ተጠምደው ሲታዩ ነገሩ የሚያስደነግጠውም ለዚህ ነው። ሕልሙ እስከዚያ ድረስ በዝግታ ሲታይ ከነበረው እውነት አንዲት እርምጃ ብቻ የራቀ ነው።

የዲምብልቢ ፊልም ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የርኅራኄ ማነስ ወይም መብዛት አይደለም። ዲምብልቢ በወሎ ያየውን ሲዘግብ በሐቀኝነት ነበር፤ ፊልሙም ለተራበው ሕዝብ እርዳታ አስገኝቷል፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ዓ.ም. ከወሎ ይዘዋቸው የመጡ ፎቶግራፎች በመንግሥት ችላ መባላቸውን ለሚያስታውስ ሰው ደግሞ የውጭው ካሜራ መምጣት ባዶ ነገር አልነበረም። ልዩነቱ የሚናገረው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። በመጠለያ የተቀረጸው ገበሬ በአብዛኛው ዝም ይላል፤ ስለ እርሱ የሚናገር የጋዜጠኛ ድምፅ ከላይ ይመጣል። በ«ምርት» ውስጥ ግን ገበሬው ይጸልያል፣ ይጨቃጨቃል፣ ይሳለቃል፣ ይዋሻል፣ ይራገማል። ከበበ ደግሞ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ጦርነት ያለውን ሐሳብ በገዛ አንደበቱ ያስረዳል። የዚህ ገጸ ባሕርይ መነሻ በአማርኛ ቃል ግጥምና በአዝማሪ ወግ ውስጥ የኖረው፣ እብድ መስሎ እውነት የሚናገር ሰው ነው።

ፊልሙ ነቀፌታም አለበት። ባለርስቱ ከሰው ይልቅ ለሥርዓቱ ምሳሌ ሆኖ ይቀርባል፤ በቤቱ ውስጥ ምን እንደሚያስብ፣ ከማን ምን እንደሚፈራ አይታወቅም። ደግሞም «ሦስት ሺ ዓመት» የሚለው ርእስ የመሬት ሥሪቱን ልዩ ልዩ መልክ አንድ ያደርገዋል። በሰሜኑ ክፍል ርስት ያለው ገበሬ በደቡቡ ካለው ጭሰኛ ጋር አንድ አልነበረም። በወሎ ራሱ የደጋው አራሽ፣ የቆላው ተጋማሽ፣ በአዋሽ ዳርቻ በጥጥ እርሻ ምክንያት የግጦሽ መሬቱን ያጣው የአፋር አርብቶ አደር ረኃቡን በተለያየ መንገድ ነበር የተጋፈጡት። ታሪክ አጥኚ በዚህ ፊልም ላይ ተመርኩዞ ስለ ጭሰኝነት ሊጽፍ አይችልም። ነገር ግን «መሬት ለአራሹ» ብሎ የተነሣው ትውልድ ገበሬውን በምን ዓይን እንዳየው ለማጥናት ከዚህ የተሻለ የፊልም ምስክር ማግኘት ይከብዳል። ፊልሙ ሲቀረጽ ንጉሡ በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በሎካርኖ ፌስቲቫል ታይቶ ሲሸለም ግን የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ከሆነ ከዓመት በላይ አልፎት ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ገና ሳይወጣ የታሪክ ሰነድ ሆነ። ዐሥርት ዓመታት ቆይቶ በማርቲን ስኮርሴዚ ድጋፍ ታድሶ በካን ፌስቲቫል ዳግም ታይቷል።

ፊልሙን ማን ያሳያል?

ኃይሌ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የፊልም መምህር ሆኑ። የመምህርነቱ ደመወዝ ለፊልም ሥራቸው የማይነጥፍ ምንጭ ሆኗል፤ በነጻ ሲኒማ ጥናት ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሣው ይህ ተራ ነገር ነው። ስቱዲዮ ባይከፍላቸውም ቤት ኪራይ የሚከፍል ሥራ ነበራቸው፤ ስለዚህ የማይወዱትን ፊልም ለእንጀራ ሲሉ መሥራት አላስፈለጋቸውም። ተማሪዎቻቸውም በኋላ የራሳቸውን መንገድ ቀድደዋል፤ ካሜራ ሠሪው ብራድፎርድ ያንግ ከነርሱ አንዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 የቬትናም ዘማችን ጠባሳ የሚተርከውን «አሽስ ኤንድ ኤምበርስ» ሠሩ። በዚያው ዓመት ማይፌዱህ የተባለ የራሳቸውን አከፋፋይ ድርጅት አቋቋሙ። የፊልም መሥሪያ ድርጅታቸው ነጎድጓድ ይባላል። የአከፋፋዩ መቋቋም በጊዜው ትንሽ ነገር ይመስል ነበር፤ ትርጉሙ የታወቀው ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ «ሳንኮፋ» ሲወጣ ነው።

«ሳንኮፋ» በጋና የባሕር ዳርቻ ባለ የባሪያ ንግድ ምሽግ ይጀምራል። ለፎቶ ማስታወቂያ ወደዚያ የሄደች አንዲት አሜሪካዊት ሞዴል ወደ ምሽጉ ጓዳ ስትወርድ ዘመን ተገልብጦ በእርሻ ቦታ ላይ ባሪያ ሆና ራሷን ታገኛለች። ገንዘቡን ለማሰባሰብ ብዙ ዓመታት ፈጅቷል፤ የጋናና የቡርኪና ፋሶ የባህል ተቋማት፣ እንዲሁም የአውሮፓ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተሳትፈውበታል። እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። ይህ ሁሉ ሆኖ በአሜሪካ ፊልሙን የሚያከፋፍል ድርጅት ጠፋ። የባርነት ፊልም በባሪያዎቹ ዓይን፣ ነጭ አዳኝ ሳይኖርበት፣ ገበያ የለውም ተባለ።

በዚህ ጊዜ ኃይሌና ባለቤታቸው፣ ራሷም የፊልም ባለሙያ የሆነችው ሺሪኪያና አይና፣ ያደረጉት ነገር በነጻ ሲኒማ ታሪክ ውስጥ ተደጋግሞ የሚጠቀስ ነው። በዋሽንግተን ሲኒማ ቤት በኪራይ ያዙ፤ ማስታወቂያውን በአብያተ ክርስቲያናት፣ በትምህርት ቤቶች፣ በጸጉር ማስተካከያ ቤቶችና በማኅበራት በኩል ነዙ። ፊልሙ በዚያች ከተማ ብቻ ለዐሥራ አንድ ሳምንታት ታየ። ከዚያም ከሌላ ከተማ የመጡ የማኅበረሰብ ቡድኖች ቅጂውን እየወሰዱ በየሠፈራቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከሠላሳ በሚበልጡ ከተሞች አሳዩት። አሠራሩን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ከዕቁብና ከዕድር ብዙም አይርቅም፦ ጥቂት ሰዎች በመተማመን ያዋጣሉ፣ አዳራሹን ይይዛሉ፣ ወጪው ሲመለስ ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። በገቢው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በጆርጂያ ጎዳና ሳንኮፋ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ተከፈተ፤ መደብሩም የመሰብሰቢያና የማሳያ ቦታ ሆነ።

ይህን አካሄድ ከሌላ የስደት ልጅ ዳይሬክተር ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በካይሮ ተወልዶ በካናዳ ያደገው አርመናዊው አቶም ኤጎያን እንደ ኃይሌ ሁሉ የወገኑን ጥፋትና ትዝታ በፊልም አንሥቷል፤ የ2002 «አራራት» ፊልሙ የአርመናውያንን እልቂት የሚመለከት ነው። ኤጎያን ግን የካናዳ መንግሥት ለአገሩ ፊልም በሚሰጠው ድጋፍ ላይ ቆሞ ነው ያደገው። ሐሚድ ናፊሲ «ባለ ዘዬ ሲኒማ» ብሎ የጠራው የስደተኞች ፊልም አንድ መልክ ያለው ቢመስልም ከሥሩ ያለው ገንዘብ ሲታይ ይለያያል። ኃይሌ በአሜሪካ እንዲህ ያለ የመንግሥት ትከሻ አላገኙም፤ በአገራቸውም አልነበረም። ትከሻ የሆናቸው ጥቁር አሜሪካዊው ተመልካች ነው። ስለዚህም በሥራቸው ላይ ያለው የአፍሪካና የአሜሪካ ጥቁሮች ትስስር የሐሳብ ምርጫ ብቻ ሳይሆን የአሠራሩም መሠረት ነው።

መመለስ

ከደርግ መውደቅ በኋላ ኃይሌ ለቢቢሲ በሠሩት «ኢምፐርፌክት ጀርኒ» ከፖላንዳዊው ጸሐፊ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ ጋር አገሩን ዞረው ያሳያሉ። ካፑሽቺንስኪ በንጉሡ ቤተ መንግሥት ላይ በጻፈው መጽሐፍ የታወቀ ነው፤ ሁለቱን ማጣመር የጣቢያውን ፍላጎት የሚያንጸባርቅ እንጂ የፊልሙን የሚጠቅም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ዐድዋ» ከዚህ የተሻለ ነው፤ የቤት ውስጥ ትረካ፣ ሥዕልና ዜማ እንደ ታሪክ ምንጭ ተቆጥረው የአባት ድምፅ ከልጅ ካሜራ ጋር ተገናኝቶበታል። በዚሁ መሥመር ዳይሬክተሩ በ1928ቱ የጣሊያን ወረራ ላይ ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። የወረራው ዘመን ተንቀሳቃሽ ሥዕል በአመዛኙ ያለው በሮም ሉቼ ተቋም መዛግብት ነው። ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ የተነሣውን ሥዕል ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊም ጉዞው ወደዚያው ነው። የባለቤትነቱ ጥያቄ በረኃብ ሥዕል ብቻ አይቆምም።

«ጤዛ» ከዐሥር ዓመት የሚበልጥ ድካም ፍሬ ነው። የኢትዮጵያው ክፍል ተቀርጾ ካለቀ በኋላ የጀርመኑን ለመቀጠል ገንዘብ ስላልነበረ ቀረጻው ለሁለት ዓመታት ያህል ተቋርጦ ነበር፤ በመጨረሻ በኮሎኙ ፓንዶራ ፊልም ተባባሪነት ተጠናቀቀ። ታሪኩ የሐኪሙ የአንበርብር ነው። አንበርብር በጀርመን ተምሮ፣ ለአብዮቱ አገር ገብቶ፣ ጓደኛው ሲገደል አይቶ፣ ዳግመኛ ጀርመን ተመልሶ በዘረኞች ተደብድቦ እግሩን አጥቶ፣ በ1980ዎቹ የአውሮፓ ዘመን መዝጊያ ላይ በጣና ዳር ወዳለው የእናቱ መንደር ይመለሳል። መንደሩ ግን ማረፊያ አይደለም። ወታደሮች ልጆችን ለጦርነት ያፍሳሉ፤ ልጆቹ በዋሻ ይሸሸጋሉ። እናት የተማረ ልጇ የመጣው ለምን እንደሆነ ሊገባት አይችልም፤ እርሱም ሊያስረዳት አይችልም። ትዝታው በቁርጥራጭ ይመጣል፤ ሲኒማውም ይህንኑ ይከተላል። ሥዕሉን የቀረጸው ጣሊያናዊው ማሪዮ ማሲኒ፣ ዜማውን የሠሩት ጆርጋ መስፍንና ቪጄይ አይየር ናቸው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በ2009 በዋጋዱጉ የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ አገኘ። በአዲስ አበባም በ2001 ዓ.ም. ለሕዝብ ታይቷል። ከዋጋው በላይ የሚያስጨንቀው ነገር ግን ከ«ምርት» ጋር የሚያደርገው ክርክር ነው። የ1966ቱ ፊልም በከበበ ዱላ ላይ ተስፋ ጥሎ ነበር፤ «ጤዛ» ያ ዱላ በትውልዱ እጅ ገብቶ ምን እንደሆነ ይጠይቃል። አብዮተኛው ሐኪም ሆኖ የመጣው ሰው ሌሎች አብዮተኞች እንዳይገድሉት በስብሰባ ላይ ራሱን ይኮንናል። ዳይሬክተሩ በስደት ላይ ስለነበሩ ይህን ዘመን በአካል አልኖሩበትም። ምናልባት ለዚህ ነው የአዲስ አበባው ክፍል፣ በተለይ የስብሰባዎቹ ንግግር፣ ከመንደሩ ክፍል ይልቅ የደረቀው። እንደ እርሳቸው በውጭ የኖረችው ሳሌም መኩሪያ ይህንኑ ዘመን በ1997 «የወንዝ ማይበል» በተባለው ዘጋቢ ፊልሟ በወንድሟና በአንዲት ጓደኛዋ ሕይወት በኩል አንሥታዋለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ልብ ወለዱ ሊደርስበት ያልቻለውን የሴቶች ድምፅ ዘጋቢው ይሞላዋል።

ነገር ግን የአንበርብርን እናትና የመንደሩን ሽማግሌዎች በሚያሳዩት ትዕይንቶች ኃይሌ በመላው የኢትዮጵያ ሲኒማ ማንም ያልደረሰበት ላይ ደርሰዋል። በጤዛው ጭጋግ ውስጥ፣ በጸሎት ማስጀመሪያው ድምፅ፣ በእንቆቅልሽ መካከል የሚፈልቀው አማርኛ ለውጭ ተመልካች ተብሎ አልተቀነሰም፤ የግርጌ ጽሑፉ የማያደርሰው ብዙ ነገር በንግግሩ ውስጥ ይቀራል።

የጎደለው ማዕዘን

ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጽሑፍ ሲኒማን በሦስት ማዕዘን መስለውታል፦ ፊልም ሠሪው፣ ተመልካቹና ሐያሲው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ሁለቱ አይቆሙም። በራሳቸው ሕይወት የመጀመሪያውን ማዕዘን ሠሩ፤ ሁለተኛውን በሲኒማ ኪራይና በመጻሕፍት መደብር ገነቡ። ሦስተኛው ለተሾመ ገብርኤልና ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተትቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታደሰው «ሳንኮፋ» በኔትፍሊክስ ሲለቀቅና የአካዳሚው ሙዚየም ዳይሬክተሩን ሲሸልም በእንግሊዝኛ ብዙ ተጻፈ። በአማርኛ የወጣው በአብዛኛው ዜና ነው።

ይህ የአንድ ሰው ክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ሊታለፍ ይችል ነበር። ባለቤትነትን በእጁ የያዘ ፊልም ሠሪ ሥራውን ከገበያ ይጠብቀዋል፤ በዚያው ልክ ግን ቅጂው በአንድ ከተማ፣ በአንድ መደብር፣ በአንድ ቤተሰብ እጅ ይቀራል። ስለዚህ በጣና ዳር የተቀረጸውን ፊልም የኢትዮጵያ ተማሪ ለማየት ከዋሽንግተን ተማሪ ይልቅ ይቸገራል። የነጻነቱ ዋጋ ከፊሉ የተከፈለው በአገር ቤት ተመልካች ነው። ይህን ውጥረት የኃይሌ አድናቂዎች ሲያነሡት አይታይም፤ ሊያነሡት ግን ይገባል።

ለደሴና ለኮምቦልቻ ተመራማሪ ከዚህ የሚነሣ ሥራ አለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በመጠለያ የነበሩ ልጆች ዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። የዲምብልቢን ፊልምና «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»ን በአንድ አዳራሽ፣ በተከታታይ ቀናት፣ ለነዚህ ሰዎች አሳይቶ የሚናገሩትን መቅዳት በአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት አቅም የሚሠራ ነው። ባለርስቱ ከወንበሩ ላይ ሲጮኽ ማን ይስቃል? ካሜራው በመጠለያው ወለል ላይ ሲያልፍ ማን ፊቱን ያዞራል፣ ማንስ ስም ይጠራል? «ምርት» ሲያበቃ የጭሰኛው ልጅ ከጭነት መኪና ኋላ ተንጠልጥሎ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ፊልሙ ከተማዋን አይጠራትም። በዚያው ዘመን ከገጠር ተነሥተው በጭነት መኪና ደሴ የገቡ፣ ኮምቦልቻ የወረዱ ልጆች ከዚያ በኋላ የሆነውን ያውቃሉ።